ሁለት ጊዜ የተቀባው ካቢኔት፦ የአንድ ኩሽና እድሳት የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ ለምን መዘገብኩት

ካቢኔት ስለመቀባት ምክር ሞልቷል። አብዛኛው ግን በሥራው ማግስት በተነሳ ፎቶ ያበቃል። ከሦስት ወር በኋላ በሩ ምን እንደሚመስል የሚነግረን ብዙም የለም። እዚህ የምተርከው ካቢኔት ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ አንዴ ተበላሽቶ፣ አንዴ ተሳክቶ። ቤቱም ሰዎቹም ካቢኔቱም ያው ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ለመለየት ይመቻል።

በመጀመሪያው ዙር አልነበርኩም። በሁለተኛው ግን ከማጠብ ጀምሮ በሮቹ እስኪገጠሙ አብሬ ሠርቻለሁ። እኔ ራሴ ያበላሸሁትም አለ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።

የቤቱ ሁኔታ

ቤቱ የባልና ሚስት ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ የባል እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። ለኩሽናው እድሳት የያዙት ገንዘብ ውስን ነበር። ቧንቧው ያፈሳል፣ የወለሉ ንጣፍ ተነቃቅሏል፣ መብራቱም ደካማ ነው። አዲስ ካቢኔት ለማሠራት ዋጋ ሲጠይቁ ያ ብቻውን ከበጀቱ ከግማሽ በላይ ሊወስድባቸው ሆነ። ስለዚህ ገንዘቡን ለቧንቧ፣ ለወለልና ለመብራት አዋሉት። ካቢኔቱን ራሳቸው ሊቀቡት ወሰኑ።

ውሳኔው ትክክል ነበር። ሳጥኖቹ አልወላለቁም፣ መደርደሪያዎቹ አልጎበጡም፣ ማጠፊያዎቹም ይሠራሉ። ያስጠላው ፊቱ ብቻ ነው። ቀለም የሚያድነው እንዲህ ያለውን ካቢኔት ነው። የወላለቀ ካቢኔት ቢቀባ ቀለም የተቀባ ወላላቃ ካቢኔት ከመሆን አያልፍም።

በሮቹ 14፣ መሳቢያዎቹ 6 ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ላየ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 9 በሮችና የመሳቢያዎቹ ፊት ቫርኒሽ የተቀባ ቀላ ያለ ጠንካራ እንጨት ነው። ሲንኩ አካባቢ ያሉት 3 በሮች ፎርማይካ የተለጠፈበት ቺፕውድ ናቸው። ምድጃው አጠገብ ያሉት 2 በሮች ደግሞ ቀጭን ፕላስቲክ የለበሱ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ሙከራ

ባልየው ሥራውን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሊጨርስ አሰበ። በሮቹን ሳይፈታ በእርጥብ ጨርቅ ወልወል አደረጋቸው። ማጠፊያዎቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፈነ። ከግድግዳ የተረፈ ነጭ ቀለም ነበረው፤ በአንድ ቀን ሁለት እጅ ቀባበት። እሁድ ማታ ኩሽናው በርቶ ነበር። ፎቶ ተነስቶ ለዘመድ ሁሉ ተላከ።

በአራተኛው ቀን አንደኛው በር ሲከፈት ጧ አለ። የበሩ ጠርዝ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ቀለሙን ይዞ ተነሳ። በሁለተኛው ሳምንት በእጀታዎቹ ዙሪያ ያለው ቀለም በጥፍር ሲነካ መላጥ ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት የእንጨት በሮቹ ላይ ቡናማ እድፍ ወጣ። ሚስትየው የሆነ ነገር የፈሰሰበት መስሏት በሳሙና ፈተገችው፤ አልለቀቀም። የፎርማይካውን ጠርዝ ስትስበው ቀለሙ እንደ ፌስታል ሙሉውን ተገፎ መጣ። ምድጃው አጠገብ ያሉት ሁለቱ በሮች ደግሞ አረፋ አወጡ።

የባል እናት ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት። «ልጄ፣ አለበስከው እንጂ አልቀባኸውም» አሉት። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት የቴክኒክ ማብራሪያ ሁሉ የእሳቸውን ያህል አልገለጸልኝም።

ችግሩ ምን ነበር

ባልየው «ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብሎ ደመደመ። በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን እዚያ ኩሽና ውስጥ የነበረው አንድ ችግር ብቻ አልነበረም፤ ቢያንስ አምስት ነበሩ።

የመጀመሪያው ቅባት ነው። የዓመታት የምግብ እንፋሎት በሮቹ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ከሁሉም በላይ የሚከማቸው ምድጃው አካባቢና በእጀታዎቹ ዙሪያ ነው። ቀለም ቅባት ላይ አይዝም። እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ቅባትን ያዳርሳል እንጂ አያነሳም።

ሁለተኛው ልስላሴ ነው። ቫርኒሽም ፎርማይካም አንጸባራቂ ናቸው፤ ቀለሙ የሚቆነጥጠው ሻካራ ነገር አያገኝም። ፎርማይካው ላይ ቀለሙ እንደ ፌስታል የተገፈፈው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቡናማው እድፍ ነው። አንዳንድ እንጨቶች፣ በተለይ ጠቆርና ቀላ ያሉት፣ ታኒን የሚባል ቀለም ያለው ንጥረ ነገር አላቸው። በውሃ የሚቀጥን ቀለም ሲነካቸው ታኒኑ ሟሙቶ ወደ ላይ ይወጣል። ውስጥ ላለ እድፍ ደግሞ ፈትጎ ማስለቀቅ የሚባል ነገር የለም። በላዩ ነጭ ቢደጋገምበትም ተመልሶ ብቅ ይላል።

አራተኛው የግድግዳ ቀለም ተፈጥሮ ነው። ግድግዳ ከግድግዳ ጋር አይፋተግም። በር ግን በቀን ብዙ ጊዜ ከፍሬሙ ጋር ይገጥማል። የግድግዳ ቀለም ደርቆም ለስላሳ ስለሆነ ሁለት የተቀቡ ፊቶች ሲጫኑ ይያያዛሉ። ለበርና ለካቢኔት ጠንክሮ የሚደርቅ ኢናሜል ቀለም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አምስተኛው ምድጃው አጠገብ ያለው ፕላስቲክ ነው። ሙቀት ሙጫውን ስላላቀቀው ፕላስቲኩ ራሱ ከኤምዲኤፉ ተለይቷል። የተላቀቀ ነገር ላይ የተቀባ ቀለም አብሮ ይላቀቃል።

ስለ ሊድ አንድ ነገር ልበል። ሊድ ማለት በድሮ ቀለሞች ውስጥ ይገባ የነበረው መርዛማ የእርሳስ ማዕድን ነው። ይህ ካቢኔት ከዚያ በፊት ቫርኒሽ እንጂ ቀለም ተቀብቶ ስለማያውቅ ብዙም አላሳሰበንም። የድሮ ቀለም ንብርብር ያለበት ቤት ቢሆን ግን ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳቴ በፊት አስመረምረው ነበር። አሜሪካ ሊድ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ብዙ አገሮች ከዚያም ዘግይተዋል። ልጆች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ ፈትጎ አቧራ ማስነሳት ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው ዙር፦ በሦስት በሮች ጀርባ ጀመርን

ባልየው አዲስ ቀለም ገዝቶ ወዲያው ሊጀምር ፈልጎ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሙከራ እንሥራ አልኩ። ከሦስቱ ዓይነት አንድ አንድ በር ፈታን። ጀርባቸውን አጠብን፣ ፈተግን፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መያዣ) እና ቀለም ቀባን። ሦስት ቀን ጠበቅን። ከዚያ በስለት ትናንሽ አራት ማዕዘን የሚሠሩ መስመሮች ጫርንበት። ፕላስተር ለጥፈን ባንዴ ሳብነው። ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር ከመጣ አልያዘም ማለት ነው።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ሆነ። እንጨቱ ላይ ቀለሙ በደንብ ይዟል፤ ነገር ግን ፕራይመሩ በውሃ የሚቀጥን ስለነበር ቡናማው እድፍ በማግስቱ ወጥቷል። ስለዚህ ለእንጨቶቹ እድፍ የሚያፍን፣ ሼላክ ከሚባል የተፈጥሮ ሙጫ የተሠራ ፕራይመር ወሰድን። ፎርማይካው ላይ ተራው ፕራይመር አልያዘም። በደንብ ተፈትጎ ለለስላሳ ነገር የተሠራ አጣባቂ ፕራይመር ሲቀባ ግን ፈተናውን አለፈ። ኤምዲኤፉ ላይ ቀለሙ ከነፕላስቲኩ ተነስቶ መጣ። ፕላስቲኩን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅን ሙሉ በሙሉ ገፈፍነው።

ይህ ሙከራ አምስት ቀን ገደማ ወሰደብን። ባልየው ተሰላችቶ ነበር። ሙከራው ባይኖር ግን 9 የእንጨት በሮች ተቀብተው ካለቁ በኋላ እድፉን እናየው ነበር።

ማጠብ፣ መቁጠር፣ መፈተግ

በሮቹን ሁሉ ፈታናቸው። ይህ ካቻቢቴ እንጂ ልዩ ሙያ አይፈልግም፤ ጭንቁ የትኛው በር የየት እንደሆነ ማወቁ ነው። በሮች እኩል ቢመስሉም ማጠፊያቸው የተስተካከለው ለራሳቸው ቦታ ነው። ወረቀት ብንለጥፍ ስንቀባ ይነሳል። በእርሳስ ብንጽፍ በቀለም ይሸፈናል። ስውር ማጠፊያ የሚገባበት 35 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ ግን አይቀባም። ቁጥሩን እዚያ ውስጥ ጻፍንና በፕላስተር ከደንነው። ብሎኖቹን በየበሩ ቁጥር በትናንሽ ከረጢቶች አስቀመጥን።

ማጠብ ለሁለት ሰው አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ቅባት በሚቆርጥ የዕቃ ሳሙናና በሙቅ ውሃ አጠብን፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቀለቅን። የሳሙና ቅሪትም እንደ ቅባቱ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። የእጀታ አካባቢዎችን ሦስት ጊዜ ደገምናቸው። ውሃው ስንቀይረው እየጠቆረ ነበር፤ ባልየው የባልዲውን ውሃ አይቶ «ለካ እዚህ ላይ ነው የቀባሁት» አለ። ቺፕውዱን ግን አላራስነውም። ጠርዙ ውሃ ከጠጣ ያብጣል።

ማጠቡ ከመፈተጉ መቅደም አለበት። ቅባት ያለበትን በር በብርጭቆ ወረቀት ብንፈትገው ቅባቱን እንጨቱ ውስጥ እናስገባዋለን። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል።

ያልያዘውን የድሮ ቀለም ፍቀን አነሳን። ከዚያ በ150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ220 ፈተግን። ዓላማው ቫርኒሹን ሙልጭ አድርጎ ማንሳት አይደለም። ብርሃን ሲያርፍበት ማንጸባረቁን እስኪተው ማደብዘዝ ይበቃል። ይህን ባልየው ቶሎ አልተቀበለውም፤ የመጀመሪያውን በር እስከ እንጨቱ ድረስ ሲፈትግ ግማሽ ቀን አለፈበት።

አዲሶቹ እጀታዎች ቀድመው መገዛታቸው ጠቀመን። የድሮዎቹ ብሎኖች በ96 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ የአዲሶቹ 128 ነበር። ይህ ከቀለሙ በኋላ ቢታወቅ አዲስ ቀለም ላይ ቀዳዳ መድፈን ይመጣ ነበር። የድሮውን ቀዳዳ በስቱኮ ደፈንኩ። እዚህ ጋ ተሳሳትኩ፤ ወደታች እመለስበታለሁ።

መቀባት

ነጭ የዘይት ቀለም አልመረጥንም። የዘይት ቀለም ይጠነክራል፤ ነገር ግን ነጩ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ በተለይ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ። ሽታውም ልጆችና አዛውንት ላሉበት ቤት ይከብዳል። በውሃ የሚቀጥን ነገር ግን ጠንክሮ የሚደርቅ ኢናሜል ወሰድን። አንጸባራቂነቱ መካከለኛ ነው። በጣም የሚያብረቀርቀው እያንዳንዷን ጉድለት ያሳያል፤ ጭራሽ የማያብረቀርቀው ደግሞ ለማጽዳት ያስቸግራል።

በሮቹን አጋድመን ቀባናቸው። አጋድሞ ሲቀባ ቀለሙ አይወርድም። ጀርባው መጀመሪያ፣ ፊቱ በመጨረሻ። ሰፊውን ቦታ 10 ሴንቲሜትር በሆነች የስፖንጅ ሩሎ፣ ጥጋጥጉን በብሩሽ። ፕላስቲኩ የተገፈፈውን የኤምዲኤፍ ጠርዝ ሁለት እጅ ፕራይመር አጠጣነው፤ ጠርዙ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። ከዚያ ሁሉም ሁለት እጅ ቀለም ተቀባ። በየመሀሉ በጣም ስስ ፍተጋ፣ ከዚያ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት።

የካቢኔቶቹን ውስጥ አልቀባንም። ዕቃ የሚገፋበት መደርደሪያ ቶሎ ይጫጫራል፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ አይታይም። ይህ አንድ ውሳኔ ብቻውን የሥራውን ግማሽ አስቀረልን ብል አልዋሸሁም።

በር አልባዎቹ ቀናት

ባልየው ለጠቅላላው ሥራ ስድስት ቀን ገምቶ ነበር። ከሙከራው ጀምሮ 17 ቀን ወሰደ። ከሙከራው በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ ኩሽናው በር አልነበረውም።

ትልቁ ክርክራችን የተነሳው በመጨረሻ ነው። ቀለሙ በሰዓታት ውስጥ ሲነካ ደረቅ ሆኗል። «ደርቋል፣ ለምን አንገጥመውም?» አለ። መድረቅና መጠንከር ግን የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ያለ ቀለም ሙሉ ጥንካሬውን እስኪይዝ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ጥፍር ይበሳዋል፣ የተጫነበት ነገር ይጣበቅበታል። አንድ ወር ያለ በር መኖር ግን አይቻልም። ስለዚህ ከመጨረሻው እጅ በኋላ አምስት ቀን ጠብቀን ገጠምን። በየበሩ ጥግ ትንሽ የፌልት (ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ) ማረፊያ ለጠፍንበት። ለአንድ ወር ያህል በእርጋታ ክፈቱ፣ በሳሙና አትጠቡ፣ ምንም አታንጠልጥሉ አልን።

ይህንን ከልጆቹ ይልቅ ትልልቆቹ ናቸው የጣሱት።

የሠራውና ያልሠራው

ስምንት ወር አለፈ። ቡናማው እድፍ አልተመለሰም። የትኛውም በር ከፍሬሙ ጋር አልተጣበቀም። በመጀመሪያው ዙር በሁለት ሳምንት የተላጡት የእጀታ ዙሪያዎች እንዳሉ ናቸው። ገንዘቡ በጠቅላላ አዲስ ካቢኔት ከሚያስወጣው አንድ አስረኛ አልሞላም። የሚገርመው ከቀለሙ ይልቅ እጀታዎቹ ብዙ አስወጡ።

ያልሠራውም አለ። ሲንኩ ሥር ያለው አንድ በር ጠርዙ በድሮው ፍሳሽ አብጦ ነበር። ፈትገን አስተካክለን ቀባነው። በሁለተኛው ወር ቀለሙ እዚያው ጠርዝ ላይ ተሰነጠቀ። ያበጠ ቺፕውድ ወደ ቀድሞው አይመለስም። መጨረሻ ላይ ያን በር ብቻ በአዲስ አስቀየሩት፤ መጀመሪያውኑ እንደዚያ መደረግ ነበረበት።

የእኔው ስህተት የእጀታ ቀዳዳዎቹ ናቸው። ስቱኮውን አንዴ ሞልቼ ፈትጌ አለፍኩ። ስቱኮ ሲደርቅ ይሰምጣል። አሁን ብርሃን ከጎን ሲመጣ በየበሩ ሁለት ትናንሽ ጎድጓዶች ይታያሉ። ሁለት ጊዜ መሙላት ነበረብኝ፤ ወይም የመኪና ቦዲ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን፣ ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላውን ስቱኮ መውሰድ። የቤቱ ሰዎች አላዩትም። እኔ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልተጣራም፣ እርጥብ ፎጣ በር ላይ ሰቀለ። ፎጣው ያረፈበት ቦታ ለሰሰ፣ የጨርቁም አሻራ ቀረበት። ያን በር እንደገና ፈትገን ቀባነው። የመሳቢያዎቹ የላይ ጠርዝ ደግሞ አሁን መላጥ ጀምሯል። ጣት ሁልጊዜ የሚይዘው እሱን ነው።

ለሌላ ኩሽና የሚወሰድ

ሌላ ቤት ቢሆን መጀመሪያ የማደርገው በሮቹን አንድ በአንድ አንኳኩቼ ከምን እንደተሠሩ መለየት ነው። እንጨት፣ ፎርማይካ፣ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ድሮ ቀለም የተቀባ፤ ለእያንዳንዱ የሚሆነው ፕራይመር የተለያየ ነው። ድሮ የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ በጥጥና በአልኮል ይታወቃል። ሲታሽ ከለሰሰና ጥጡን ካቀለመ በውሃ የሚቀጥን ነው፤ ካልነካው የዘይት መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ሙከራውን በበር ጀርባ ላይ ሳልሠራ ለሙሉ ኩሽና የሚሆን ቀለም አልገዛም። ትንሹ ቆርቆሮ ይበቃል።

ጊዜ ሲታቀድ ደግሞ የሚቆጠረው የቀቢው ሰዓት ብቻ አይደለም። እኛ ብሩሽ የያዝንበት ጊዜ ተደምሮ ሦስት ቀን አይሞላም። የቀረው ማጠብ፣ መፈተግና መጠበቅ ነው። ለመጠበቅ የማይመች ቤት፣ ለምሳሌ እንግዳ በሳምንት ውስጥ የሚመጣበት፣ ባይጀምረው ይሻላል። ወይም የላይኛዎቹን አሁን፣ የታችኛዎቹን በሌላ ጊዜ ይሥራ።

ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም የወላለቀ በር ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ተቆጥሮ ይለይ። አንድ በር ማስቀየር ሙሉ ካቢኔት ማስቀየር አይደለም። በጀቱ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት በር ቦታ ይተው።

የቀረው አንድ በር

ሥራው ሲያልቅ የተገጠሙት በሮች 13 ናቸው። በሮች ባልነበሩባቸው ቀናት የባል እናት ዕቃቸውን ሳይፈልጉ ያገኙ ነበር። አንዱ የላይኛው ካቢኔት እንደተከፈተ እንዲቀር ጠየቁ። ማንም አልተከራከራቸውም።

14ኛው በር አሁን ዕቃ ቤት ቆሟል። አዲስ ማጽጃ ሲገዙ መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱ ላይ ነው። የተላጡትን የመሳቢያ ጠርዞች ለመጠገን የተረፈውን ቀለም ስናወጣም መጀመሪያ እሱ ላይ ቀብተን አየነው። ቀለሙ ይዟል፤ መልኩ ግን በጥቂቱ ይለያል። ስለዚህ ጠርዙን ብቻ ነካክተን አንተወውም፤ የስድስቱንም መሳቢያዎች ፊት በአንድ ቀን እንቀባቸዋለን።